ክርክር፦ በሽማግሌ ያለቀ የአካል ጉዳት ካሳ ዳግመኛ ሊጠየቅ ይገባልን?

የኮምቦልቻዋ፦
ትናንት ማታ በራዲዮ ስለ መኪና አደጋ ከተወያዩት እንግዶች አንዱ፣ «ተጎጂው በሽማግሌ ፊት ፈቅዶ ከፈረመ በኋላ ፍርድ ቤት መሄዱ እርቅን ማርከስ ነው» ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። ታናሽ ወንድሜን የጭነት መኪና ገጭቶት እግሩ ሁለት ቦታ ላይ ተሰበረ። በተገጨ በ40ኛው ቀን፣ ገና ከአልጋ ሳይነሣ፣ ሽማግሌዎች መጥተው 60,000 ብር ተቀበለና «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» በሚል ወረቀት ላይ ፈረመ። በስምንተኛው ወር አጥንቱ አልገጥም ብሎ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ሲባል፣ ባለመኪናው ያችኑ ወረቀት አውጥቶ አሳየን። እናታችን የሕክምናውን ሂሳብ ለመክፈል ላሟን በሸጠችበት ሳምንት የፈረመ ልጅ፣ «ፈቅዶ» ፈረመ የሚባለው በየትኛው ሚዛን ነው?

በሽምግልና ያረጀሁ፦
ልጄ፣ ወንድምሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ነገር ግን በራዲዮ የተናገሩት ሰው አልተሳሳቱም። እኛ በወሎ አበጋር ከሚባሉት የእርቅ አባቶች ሥር ቁጭ ብለን የተማርነው፣ የገጨውም የተገጨውም ቤተሰብ በአንድ ገበያ የሚገናኝ፣ አንድ ለቅሶ የሚደርስ መሆኑን አስቀድሞ ማየትን ነው። ዳኛ ገንዘቡን ይወስናል፣ ቂሙን ግን ከሰው ልብ አያወጣውም። ጉዳት አድራሹ ቶሎ የሚከፍለው ነገሩ መዘጋቱን ስለሚያምን ነው፤ በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል በስምንት ወሩ የሚፈርስ ከሆነ ነገ ማን ገንዘብ ይዞ ለእርቅ ይቀመጣል?

የሕግ ተማሪ፦
አባቴ፣ የእርቅ ስምምነት ጽኑ መሆኑን ሕጉም ይመሰክርልዎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3312 በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል ሰጥቶታል። ሆኖም ይኸው ሕግ ስለ እርቅ በሚናገርበት ክፍል፣ መብትን የመተው ቃል በጠባቡ እንዲተረጎምና ለእርቁ ምክንያት ከሆነው ክርክር እንዳያልፍ አድርጓል። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ያከራከረው የመጀመሪያው ስብራትና የአልጋው ወጪ ከነበረ፣ ማንም ያላሰበው ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና «ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» በሚለው ሐረግ ውስጥ ገብቷል ማለት ይከብደኛል። በዚያ ላይ ቁጥር 1710 የሰውን ችግረኝነት መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ፣ ውሉን ሊያስፈርስ እንደሚችል ይናገራል።

ባለመኪና፦
ሁላችሁም የምትናገሩት ባለመኪና ማለት ሀብታም ማለት እንደሆነ አድርጋችሁ ነው። እኔ መሪ ሳልይዝ፣ ቤቴ ተኝቼ ሳለሁ፣ ሾፌሬ ላደረሰው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ኃላፊ ነኝ፤ ጥፋት የለብኝም ማለት አያድነኝም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ከዚያ የሚተርፈው ከኪሴ ነው። መድን ሰጪው ሳያውቅ ታርቄ ከከፈልኩ ደግሞ በውሉ መሠረት የከፈልኩትን አይመልስልኝም። ይህን ሁሉ ችዬ የምቀመጠው ለዚያች አንዲት ፊርማ ነው። ፈቅዶ የፈረመ ፈርሟል።

የኮምቦልቻዋ፦
አሁንም «ፈቅዶ»! ወንድሜ፣ የእርስዎን ጭንቀት አልንቅም። ግን የጉዳቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ሳያየው፣ ሐኪሙ እንኳ «እንጠብቅ» እያለ፣ ልጁ የፈቀደው ምኑን ነው? እግሩ እንደሚያጥር አልተነገረው። ያላወቁትን መፍቀድ የሚባል ነገር እኔ አላውቅም።

በሽምግልና ያረጀሁ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ 40 ቀን ፈጥኗል። እኔ ብሆን ቁስሉ ሳይሽር ካሳ አላስቆርጥም፤ መጀመሪያ የሕክምናውን ወጪ አስይዛለሁ፣ ዋስ አስጠራለሁ፣ ካሳው በኋላ ይመጣል። ጥፋቱ የሽምግልና ሳይሆን የእነዚያ ሽማግሌዎች ነው።

የሕግ ተማሪ፦
አባቴ፣ መጠበቁም የራሱ አደጋ አለው። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ነው። «ከፋሲካ በኋላ እንቀመጥ»፣ «ከአዝመራው በኋላ ይለቅ» እየተባለ ሁለት ዓመት ያለፈበት ተጎጂ፣ በመጨረሻ ክስ ሲያቀርብ የሚጠብቀው የይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚል፣ መቃወሚያ ነው። ሽማግሌው ሲያዘገይ ሰዓቱ አይቆምም።

ጠበቃ ነኝ፦
ሕዝብ አታስፈራሩ። የዚያው ቁጥር ንዑስ ቁጥር 2 ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ እንደሆነና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ፣ ለካሳውም የሚሠራው ረጅሙ ነው ይላል። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 የሚያስቀጣ መሆኑን ረስተኸዋል።

የሕግ ተማሪ፦
አልረሳሁም። ነገር ግን ወንጀል መሆኑን በካሳው ክርክር ውስጥ የማስረዳቱ ሸክም የሚያርፈው በዚያው በክራንች በሚሄደው ሰው ላይ መሆኑን እርስዎ አልጠቀሱም። ትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ቦታ ፕላን አንስቶ መዝገቡ ሳይንቀሳቀስ የቀረ ስንት ጉዳይ አለ?

ጠበቃ ነኝ፦
ታዲያ መፍትሔው ፍርድ ቤቱን መፍራት ነው? አቅም ለሌለው የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል በደሃ ደንብ የሚከስበት መንገድ አለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ደግሞ ክሱ ከተከፈተ በኋላ ባለጉዳዮቹን በፍርድ ቤት ሥር በአስማሚ እንዲነጋገሩ ያደርጋል። መጀመሪያ ክስ ክፈቱ፣ ይርጋው ይቋረጥ፣ ከዚያ ታረቁ።

በሽምግልና ያረጀሁ፦
የተከሰሰ ሰው ልቡ ይሻክራል፤ ክስ ተከፍቶበት ለእርቅ የመጣ ስንቱን አይቻለሁ፣ ገንዘቡን ወርውሮ ነው የሚሄደው። ከዚያ ይልቅ በእርቁ ወረቀት ላይ «ሐኪም ወደፊት የሚያዘው ሕክምና በዚህ አይዘጋም» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር ምን ይጎዳል?

የኮምቦልቻዋ፦
ይህችን መስመር ቢጽፉልን ኖሮ ዛሬ እዚህ አልከራከርም ነበር።

ባለመኪና፦
እኔ ግን እንዲህ ያለ መስመር ባለበት ወረቀት ላይ ገንዘብ አላስቀምጥም። መጨረሻው ያልታወቀ ዕዳ ከምፈርም ፍርድ ቤት ይወስንብኝ።

ጠበቃ ነኝ፦
እንግዲያው እርስዎም የእኔን ሐሳብ ደግፈዋል።

ባለመኪና፦
አልደገፍኩም። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከእኔ አደጋ የመጣ መሆኑን ማን ያረጋግጥልኛል ነው የምለው።