ስፒትፋየሬ ጅራቱን ሲያነሳ ወደ ግራ ይወረወራል

የምኖረው ደሴ ነው፤ አውሮፕላን የማበረው በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ ጨዋታ ነው። ኮምፒውተሬ 16 ጊጋባይት ራም አለው፤ የእግር ፔዳል ስለሌለኝ የጅራቱን መሪ የማዞረው የጆይስቲኩን እጀታ በመጠምዘዝ ነው። የጄት ተዋጊውን ኤፍ-5 ያለ ችግር አስነሳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለ ፕሮፔለር ተዋጊ ስፒትፋየር ማርክ 9 ግን አልታዘዝ ብሎኛል።

የመሪውን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ የሞተሩንም ኃይል ቀስ እያልኩ በሞተሩ የግፊት መለኪያ እስከ +8 ብቻ ከፍ አደረግሁ። መንደርደሪያው ላይ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ጅራቱ ከመሬት በተነሳ ቅጽበት ግን አፍንጫው ወደ ግራ ይወረወራል፤ ስመልሰው እጄ ይበዛበትና የግራ ክንፉ መሬት ይመታል። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሞክሬ አንድ ጊዜ ብቻ ተነሳሁ።

ያለ ፔዳል በሚጠመዘዝ ጆይስቲክ የምታበሩ፣ አውሮፕላኑ ጅራቱን ሲያነሳ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የመሪውን የምላሽ ፍጥነት ምን ያህል ቀነሳችሁት?