የመኪናውን ቁልፍ ሳየው ሆዴን ይጨንቀዋል፤ ድካም ብቻ ነው?

ጥያቄ፦
ወንድሞችና እህቶች፣ የጭነት መኪና ስነዳ 11 ዓመቴ ነው። ድሮ ሞተር ሳስነሳ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሁለት ቀን ሙሉ ተኝቼ ብነሳም ድካሙ አይለቀኝም። ልጄ ስታናግረኝ በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ፤ ከሁሉ በላይ ያሳመመኝ እሱ ነው። ከምን ይመጣል?

መልስ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ስንፍና አይደለም። እኔ የከተማ አውቶቡስ ነበር የምነዳው። የጨረሰኝ መንዳቱ ሳይሆን የሰዓት ሰሌዳው ነው። መንገድ ተዘጋግቶ 20 ደቂቃ ከዘገየሁ የሚቀነሰው ከእረፍቴ ነው። ተሳፋሪው ይቆጣል፣ ተቆጣጣሪው ይደውላል፣ ሽንት ቤት መሄጃ ጊዜ እንኳ የለም። እሱን ፈርቼ ውሃ መጠጣት ትቼ ነበር። ጥፋቱ ሁሉ ያንተ፣ ውሳኔው ግን የሌላ ሰው፤ እንዲህ ሆኖ ማን ይችለዋል?

መልስ፦
የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነቱን መዛል በሽታ አይለውም፤ መላ ካላገኘ የሥራ ጫና የሚመጣ ነው ይላል። የዓለም የሥራ ድርጅት 153ኛ ስምምነት (1979 እ.ኤ.አ.) ያለ እረፍት ከ4 ሰዓት፣ በቀን በድምሩ ከ9 ሰዓት በላይ መንዳትን ይከለክላል። ያንተ ስንት ይሆናል? ክፍያህስ በጉዞ ነው?

ጠያቂው፦
አዎ፣ በጉዞ ነው። ጭነት ስጠብቅ የማድረው ሌሊት አይቆጠርም። በቀን 13 ሰዓት የምነዳበት ጊዜ አለ። ነገ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ፤ ለልጄም ዛሬ ማታ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።