እማዬን የማስገባበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ጥሩ መሆኑን በምን ልወቅ?

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

እናቴ 78 ዓመቷ ነው። አምና ስትሮክ መቷት ግራ እጇና ግራ እግሯ ደክሟል። ስኳርም አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። የምንኖረው አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ከቤት የምትወጣው ለክትትል ሆስፒታል ስንሄድ ብቻ ነው፤ ያኔም ሁለት የሰፈር ልጆች በወንበር ተሸክመው ያወርዷታል። እኔ ሥራ ነው የምውለው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሠራተኛ ቀይረናል። የመጨረሻዋ እማዬን ስታነሳ ወገቧን ታማ ሄደች። አልፈርድባትም።

ወንድሞቼ ውጭ ናቸው፤ ወጪውን እንካፈላለን ብለዋል። ሁለት ቦታ አይቻለሁ። አንዱ ለገጣፎ ነው፤ አዲስ ቪላ፣ ሳሎኑ የሚያምር፣ ትልቅ ቲቪ ያለው። ሌላው ሰበታ ነው፤ ቤቱ አሮጌ ነው፣ ግቢው ግን ሰፊና ዛፍ የበዛበት። ሁለቱም ቡና አፍልተው ጥሩ አድርገው አስተናገዱኝ። ከወጣሁ በኋላ ግን ምን እንዳየሁ ራሴን ስጠይቅ መልስ አጣሁ። ምኑን ነው የማየው? ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

አክስቴ «እናትሽን ልትጥያት ነው» ብላ አኩርፋኛለች። በዚያ በኩል በቂ ስለሰማሁ እሱን ተዉልኝ።

ገበየሁ ከፉሪ

አይዞሽ እህቴ። አባቴ እንዲህ ያለ ቦታ ዓመት ከመንፈቅ ኖሯል። ከእኔ ስህተት ተማሪ።

ሁልጊዜ የምጠይቀው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ሁልጊዜ ታጥቦ፣ ፂሙ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ነበር የማገኘው። ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ማክሰኞ ለሌላ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ ሳልናገር ገባሁ። 8 ሰዓት ሆኗል። የምሳ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ምንም አልተነካም፣ ወጡ ረግቷል። አባቴ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ቆርሶ መጉረስ አይችልም። ልጅቷን ስጠይቃት «አልበላም አሉን» አለችኝ። ሞቅ አስደርጌ ፈትፍቼ አጎረስኩት። ሙልጭ አድርጎ በላው።

ስለዚህ በቀጠሮ አትሂጂ። ምሳ ሰዓት ላይ ሂጂ። ሌላ ቀን ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ አንዴ ደግሞ እሁድ። ዘበኛው በር ላይ ብዙ ካቆመሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። ስትገቢ ሳሎኑን ተዪው። መብላት ለማይችል ሰው ማን እንደሚያጎርስ ተመልከቺ። ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ? እስኪውጡ ይጠብቃል ወይስ ማንኪያ ላይ ማንኪያ ይደርባል? እኔ አሁን ቦታ የምመዝነው በዚህ ነው።

ፌቨን

ከሳሎኑ አልፈሽ መኝታ ክፍሎቹን አሳዩኝ በይ። አፍንጫሽን እመኚ። አንድ ክፍል ውስጥ አሁን የተከሰተ ሽንት ቢሸት ያለ ነው። ኮሪደሩ በሙሉ ከሸተተ ግን ዳይፐር በሰዓቱ አይቀየርም ማለት ነው። በረኪና አፍንጫ እስኪሰነፍጥ ከተደፋበትም ምን ለመሸፈን ነው በይ።

ሲስተር ት.

ነርስ ነኝ፤ አረጋውያን ጋ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ገበየሁ ያለው ትክክል ነው። እኔ እናትሽ ካለባቸው ሕመም ተነስቼ ልጨምርልሽ።

ስትሮክ ያለበት ሰው ሲነሳ ማየት አለብሽ። ሠራተኛው የደከመውን እጅ ይዞ ከጎተተ ትከሻው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ሕመሙ ከባድ ነው፣ ቶሎም አይድንም። ወገባቸውን ደግፎ፣ በደህናው ጎን እንዲያግዙት ነግሮ ነው የሚነሳው። እዚያ እያለሽ ሰው ከወንበር ወደ አልጋ ሲዛወር ጠብቀሽ እይ። ያንን አንዴ ካየሽ ሥልጠና አላቸው የላቸውም የሚለውን ሳትጠይቂ ታውቂያለሽ።

ምግብ ላይም እንደዚሁ። በደከመው ጎን ጉንጫቸው ውስጥ ምግብ ሊቀር ይችላል፤ እሳቸው ግን አይታወቃቸውም። ከበሉ በኋላ አፋቸውን የሚያይና የሚያጥብ ሰው አለ? ውኃ ሲጠጡ የሚያስላቸው ከሆነ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያቸው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነው መብላት ያለባቸው፣ ከበሉም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል አይተኙም። አስተኝቶ የሚያጎርስ ካየሽ ውጪ።

የአልጋ ቁስል ዋናው ነው። «አሁን የአልጋ ቁስል ያለበት ሰው አለ? እዚህ ነው የወጣበት ወይስ ይዞት መጣ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። የሚያፍር ካለ ይፈር። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው አልጋ ላይ ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ ሌሊትም። የሚመዘግቡበትን ወረቀት አሳዩኝ በይ። ሙሉ ሳምንቱ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ ከሆነ ያስታውቃል።

እናትሽ ከገቡ በኋላ ደግሞ በሄድሽ ቁጥር ካልሲያቸውን አውልቂና ተረከዛቸውን እይ። ከወገባቸው በታች መቀመጫቸው ላይ ያለውን አጥንትና ዳሌያቸውንም። መጽሐፍ «መቅላት» ይላል። የእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ከአካባቢው የጠቆረ፣ ሲነካ የሞቀ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ ፈልጊ። ስኳር ስላለባቸው የእግር ጣቶቻቸውን መሐልም እይ።

ኢንሱሊኑን ማን ነው የሚወጋው? ነርስ ነው ወይስ ያገኘ ሰው? ከመወጋታቸው በፊት ስኳር ይለካል? ተወግተው ምግብ ከዘገየ ስኳራቸው ይወርዳል፤ ከ70 በታች አደጋ ነው። ቢያልባቸው፣ ቢንቀጠቀጡ፣ ንግግራቸው ቢዘባረቅ ምን እንደሚያደርጉ የሌሊት ተረኛዋን ጠይቂያት። ኃላፊዋን ሳይሆን ተረኛዋን። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ፍሪዘር ግን አይገባም። መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ? የተከፈተው ከፍሪጅ ውጭ ሞቃት ባልሆነ ቦታ አብዛኛው ለ28 ቀን ይቆያል፤ የተከፈተበት ቀን ላዩ ላይ ተጽፎ ካላየሽ አልተከታተሉትም።

የመጨረሻው፦ ሌሊት ስንት ሰው ነው ያለው? ሁሉም ቦታ ቀን ቀን ሰው አለ።

አቡ ሐያት

ከዚህ በፊት ያልተነሳ ነገር ላንሳ። እናቴ የመርሳት ችግር ሲጀምራት አማርኛው ቀስ በቀስ ጠፋባት። አዲስ አበባ 50 ዓመት ኖራ ወደ ልጅነቷ ስልጥኛ ተመለሰች። የነበረችበት ቦታ ያሉ ሠራተኞች «ትቀባዣለች» ይሉኝ ነበር። ለካ ውኃ እየጠየቀች ነው። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስሰማ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ «ውኃ»፣ «ሽንት»፣ «አመመኝ»፣ «በረደኝ» የሚሉትን ቃላት በፊደል ጽፌ አልጋዋ ራስጌ ለጠፍኩላቸው።

እናትሽ ሌላ ቋንቋ ካላቸው የሚሰማ ሠራተኛ እንዳለ ጠይቂ። ጾምና ጸሎትም አለ። የእኔ እናት ውዱእ የሚያደርግላት ሰው ስታገኝ ቀኑን ሙሉ ሰላም ትሆን ነበር። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ በጾም ቀን የፍስክ ምግብ ቀርቦላቸው «እምቢ አሉ» ተብሎ እንዳይጻፍ።

ጋሽ መ.

ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ። አክስትሽን ተዉልኝ ብለሻል፣ እተዋለሁ። ግን ምድር ቤት ያለው ቤት ተከራይታችሁ፣ ቀን ቀን የምትመላለስ ነርስ ብትቀጥሩስ? ወንድሞችሽ ወጪ የሚካፈሉ ከሆነ ሒሳቡ ላይርቅ ይችላል። ሰው በቤቱ፣ በሰፈሩ፣ በዕድሩ መሐል ሲሆን ነው የሚያምርበት።

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)

ጋሽዬ አመሰግናለሁ፤ ቅር አላለኝም። ሞክረነዋል። ሰሚት አካባቢ ምድር ላይ ያለ ቤት አግኝተን ነበር። ያቃተን የሌሊቱ ነው። እማዬ ሌሊት ሦስት አራቴ ትነሳለች። እኔ በጠዋት 12 ሰዓት ሰርቪስ እይዛለሁ። ባለፈው ጥር እንቅልፍ አዙሮኝ ይዣት ወደቅኩ። ሁለታችንንም እግዚአብሔር አተረፈን። ከዚያ በኋላ ነው የወሰንኩት።

አንድ ሰው በውስጥ መስመር «መቄዶንያ ለምን አትሞክሪም» ብሎኛል። እዚያ የሚገባው ጧሪ ደጋፊ የሌለው፣ ጎዳና ላይ የወደቀ ሰው ነው። የእማዬን ቦታ ለዚያ ሰው ብተው ይሻላል።

ብሩክ

ስለ ፈቃድ ማንም አላነሳም። መጀመሪያ ቤቱ በምን እንደተመዘገበ ጠይቂ። ንግድ ነው ወይስ በጎ አድራጎት? በጎ አድራጎት ነን ካሉ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት የተመዘገቡበትን ሰርተፍኬት ያሳዩሽ። ንግድ ከሆነ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ሕክምና እንሰጣለን ካሉ ደግሞ የጤና ፈቃዱ ለብቻ። ለገጣፎም ሰበታም አሁን በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ ጉዳያቸው ኦሮሚያ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ሄደሽ አትልፊ።

ውሉንም ቤት ወስደሽ አንብቢው። ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ ሆስፒታል ማመላለሻ ክፍያው ውስጥ አለ ወይስ በተጨማሪ ነው? ሦስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ካሉሽና ብትወጪ የማይመለስ ከሆነ አትፈርሚ።

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)

ሁለቱም ጋ ሳልናገር ሄድኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለገጣፎ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ዘበኛው 20 ደቂቃ ያህል በር ላይ አቆመኝ። ስገባ ሁሉም ቲቪው ፊት ለፊት በረድፍ ተቀምጠዋል። 14 ሰው ቆጠርኩ፣ ሠራተኛ ሁለት። ቲቪው ይጮሃል። አንድም አዛውንት አጠገብ የውኃ ብርጭቆ የለም። አንዲት እናት ቀሚሴን ይዘው «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መልሰው ጠየቁኝ። ሠራተኛዋ «እሳቸው እንዲህ ናቸው፣ ይተዉአቸው» አለችኝ።

ሰበታ ደግሞ በማግስቱ ምሳ ላይ ገባሁ። ዛፉ ሥር አንድ ልጅ ዱካ ላይ ተቀምጦ አንድ ሽማግሌ ያጎርሳል። ፊት ለፊታቸው ነው የተቀመጠው። ያጎርስና ጉሮሯቸውን ያያል፣ ከዋጡ በኋላ ሌላ ይጠቀልላል። ቆሜ ሳየው አላወቀም። ሰውየው ሲያስላቸው ሳህኑን መሬት አስቀምጦ ጀርባቸውን ደገፋቸው። ሩብ ሰዓት ፈጀ። የአገላበጡበትን ወረቀትም አየሁ፤ ያልተሞሉ ቦታዎች አሉት፣ ጽሑፉ የተለያየ ነው።

ግን መታጠቢያ ቤቱ የሚያዝ ብረት የለውም። ሌሊት ለ11 ሰው አንዲት ተረኛ ብቻ ናት፤ ኃላፊዋ ራሷ ነች የነገረችኝ። ነርሷ ጠዋትና ማታ መጥታ ኢንሱሊን ትወጋና ትሄዳለች። ምን ትላላችሁ?

ሲስተር ት.

ያልተሞላ ቦታ ያለው ወረቀት ካየሽ እኔ ይበልጥ አምነዋለሁ። ብረቱን ብየዳ ቤት አሠርተሽ ራስሽም ታስገጥሚዋለሽ። ልጁን ግን የትም አታሠሪውም።

ሌሊቱ ላይ አትልቀቂ። ለ11 ሰው አንዲት ተረኛ አይበቃም፣ በተለይ እናትሽ ሦስት አራቴ የሚነሱ ከሆነ። ሁለተኛ ሰው እንዲጨመር ጠይቂ፤ የሌሎቹን ቤተሰቦች አግኝተሽ አብራችሁ ብትጠይቁ ይሰማሉ። እስከዚያው አልጋቸው ተረኛዋ ከምትተኛበት አጠገብ ይሁን፣ ፖፖም አጠገባቸው። ተረኛዋ ስኳር መለካት ትማር፤ አንድ ቀን አይፈጅም፣ አንቺም ታሳያታለሽ። እንቅልፍ እንዲወስዳቸው መድኃኒት እንዳይሰጡ ደግሞ በጽሑፍ አስቀምጪ፤ ሐኪማቸው ካላዘዘ።

ከመግባታቸው በፊት አስመዝኛቸው። ከዚያ በየወሩ። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በአንድ ወር 3 ኪሎ ከቀነሰ የሆነ ነገር አለ፤ ጊዜ አትስጪው።

ገበየሁ ከፉሪ

ለአንድ ወር ሙከራ ብለሽ ተዋዋዪ። የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ሂጂ፣ ሰዓቱን እየለዋወጥሽ። ከአያት ሰበታ ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ፉሪ ነኝ፣ ለእኔ ቅርብ ነው። በማትችዪበት ቀን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ገብቼ አያቸዋለሁ።

የእማዬ ልጅ (ጠያቂ)

ጋሽ ገበየሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጽፍልሃለሁ።

ኃላፊዋን ዛሬ በስልክ አናገርኳት። የሌሊት ሰው ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ እንጨምራለን ብላለች፤ በጽሑፍ ካላደረገችው አልፈርምም አልኳት፣ እሺ አለች። ብረቱን ቅዳሜ ብየዳ ቤት ወስጄ አሠራለሁ። ቁመቱን እማዬ ደህና እጇን ዘርግታ በምትይዝበት ልክ ማድረግ አለብኝ፤ ማታ በክር ለካኋት። «ለምንድነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ከሆነ አይቀር ወፍራም ይሁን» አለች።

አቡ ሐያት

የዕድር መዋጮዋን እንዳታቋርጪ። እኛ ሳናስብ አቋርጠን ነበር፤ ጎረቤት መጠየቅ ያቆመው ያኔ ነው።