የፍሳሽ መስመርና የሕዝብ ብዛት፦ የእንግሊዝን ሽግግር ለተማሪ እንዴት እናስረዳ?

መምህርት_አራት ኪሎ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ለ12ኛ ክፍል ስለ ሥነ ሕዝብ ሽግግር ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። በየመጽሐፉ ያለው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው። የሞት መስመሩ ቀድሞ ይወርዳል፣ የውልደቱ ዘግይቶ ይከተላል፣ በመሃል ያለው ክፍተት ሕዝብ ይሆናል። ከሥሩ «በሕክምናና በንጽህና መሻሻል ምክንያት» ተብሎ ይታለፋል። ተማሪዎቹ ግን አያልፉትም፤ «የትኛው ሕክምና? ያኔ አንቲባዮቲክ ነበር እንዴ?» ይላሉ።

ኢንዱስትሪ ቀድሞ የገባባትን እንግሊዝን ምሳሌ ማድረግ ፈልጌአለሁ። የትኛው ሥራ የማንን ሞት መቼ ቀነሰ? ውልደቱስ ለምን ወረደ? ከፒያሳና ከቀበና የሚመጡ ልጆች ውሃ በፈረቃ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ከአዲስ አበባ ጋር ሳላሳስት እንዴት ላነጻጽርላቸው? ዓመቶቹን እ.ኤ.አ. አድርጉልኝ።

ሰንጠረዥ

መምህርት፣ ተማሪዎችዎ ልክ ናቸው። ፔኒሲሊን ለሕዝብ የደረሰው በ1940ዎቹ ነው፤ የእንግሊዝ ሞት ደህና አድርጎ መውረድ የጀመረው በ1870ዎቹ ነው። በዚያ ጊዜ ሐኪም በእጁ የነበረው የረባ መከላከያ የፈንጣጣ ክትባት ብቻ ነው (እንግሊዛዊው ሐኪም ጄነር በ1796 ሞከረው፣ በ1853 ለሕፃናት ግዴታ ሆነ)።

ሥዕሉ ላይ ግን ከዚህ የከፋ ችግር አለ። የእንግሊዝና ዌልስ ሕዝብ በ1801 ቆጠራ 8.9 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ1851 17.9 ሚሊዮን ሆነ። በ50 ዓመት እጥፍ ማለት ነው። የመጀመሪያው የሕዝብ ጤና ሕግ የወጣው በ1848 ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ ሰው የፍሳሽ ቧንቧ አላመጣውም። አብዛኛውን ያመጣው ጋብቻ ነው። የደመወዝ ሥራ ሲስፋፋ ወጣቱ የአባቱን መሬት ሳይጠብቅ ጎጆ መውጣት ቻለ፤ የማግቢያ ዕድሜ ወረደ፤ ሳያገባ የሚቀረውም አነሰ። የዚህ ዕድገት መነሻ ከሞት መቀነስ ይልቅ የውልደት መጨመር ነው።

ከተሞቹ እንዲያውም ሰው ይበሉ ነበር። የመንግሥት የስታቲስቲክስ ባለሙያ የነበረው ዊልያም ፋር ለ1841 ባሰላው የዕድሜ ሠንጠረዥ፣ በገጠራማው በሰሪ የተወለደ ልጅ በአማካይ 45 ዓመት ይኖራል፤ በለንደን የተወለደ 37፤ በሊቨርፑል የተወለደ 26። ሊቨርፑል ባዶዋን ያልቀረችው ከገጠርና ከአየርላንድ የሚመጣ ሰው ስለሚተካላት ነው።

የንጽህናው ሥራ በቁጥር የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1000 ሰው በዓመት የሚሞተው በ1870ዎቹ 21 ገደማ ነበር፤ በ1900 አካባቢ 17 ሆነ። ይህ ጥቅል ቁጥር ነውና ተማሪዎቹ «ማን ዳነ?» ብለው ይጠይቁ። የዳኑት ከ1 ዓመት በላይ ያሉ ልጆችና ወጣቶች ናቸው፤ ከታይፎይድ፣ ከተስቦ፣ ከቀይ ትኩሳት፣ ከሳንባ ነቀርሳ። ዓመት ያልሞላቸው አልዳኑም። በመቶ ዓመቱ አጋማሽ ከ1000 ውልደት 150 ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ በ1899 ጭራሽ 163 ደረሰ። የወረደው ከዚያ በኋላ ሲሆን በ1910 105 ሆኗል።

ለምን ዘገየ? ጡጦውን ያሳዩአቸው። የዚያን ዘመን ጡጦ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ነበረው፤ ሕፃኑ ተኝቶ ብቻውን እንዲጠባ። ቱቦው ውስጥ ብሩሽ አይገባም፣ ወተት ይደርቅበታል። ወተቱ ራሱ ከገጠር ሲመጣ ሰዓታት አልፈውታል። በየመንገዱ የፈረስ ፋንድያ፣ በፋንድያው ላይ ዝንብ። የ1890ዎቹ በጋ ደግሞ በተደጋጋሚ ሞቃትና ደረቅ ሆነ፤ ተቅማጥ ሕፃናቱን ፈጀ። ዋና የፍሳሽ መስመር ይህን አይደርስበትም። ይህን የሚፈታው የወተት ንጽህና፣ ጡት ማጥባት፣ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ጎብኚ፣ እያንዳንዱ ቤት የሚደርስ ቧንቧና መጸዳጃ ነው።

የቧንቧ ሰው

የውሃና የፍሳሹን በኩል እኔ ልጨምር፤ ምክንያቱም መጽሐፎቹ «ንጽህና ተሻሻለ» ሲሉ ሥራው ከመጀመሪያው ተስተካክሎ የተሠራ ያስመስሉታል።

መጀመሪያ የተሠራው ሥራ ሰው ገድሏል። የ1842ቱን ዝነኛ የንጽህና ሪፖርት የጻፈው ኤድዊን ቻድዊክ በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብሎ ያምን ነበር። ለተማሪዎቹ ቅርብ ምሳሌ አለ። ኅዳር 12 በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚቃጠለው በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ በኋላ ነው፤ በሽታው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ ጭስ የማያግደው። የለንደኑም ሐሳብ የዚያው ዘመድ ነው፦ ሽታውን ከቤት አውጡ። ስለዚህ በ1830ዎቹና 40ዎቹ የውሃ መጸዳጃዎች ለዝናብ ውሃ ከተሠራው ቦይ ጋር ተያያዙ፤ ቦዩ ቴምዝ ወንዝ ይገባል፤ የውሃ ኩባንያዎቹም ከቴምዝ ይቀዳሉ። ከቤት የወጣው በቧንቧ ተመልሶ ገባ። በ1848–49 ኮሌራ በለንደን 14,000 ያህል ሰው ገደለ።

ሁለተኛው እርምጃ መቅጃውን ማራቅ ነው። የላምቤዝ ኩባንያ በ1852 መቅጃውን ከከተማው ፍሳሽ በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል ወሰደ። ሳውዝዋርክና ቮክስሆል የሚባለው ኩባንያ ግን እዚያው ከተማው ውስጥ ቀረ። የሁለቱ ቧንቧ በአንድ መንገድ፣ አንዳንዴ ጎን ለጎን ባሉ ቤቶች ይገባል። ሀብቱ፣ አየሩ፣ ምግቡ አንድ፤ የሚለየው ውሃው ብቻ። በ1854ቱ ኮሌራ ሐኪሙ ጆን ስኖው ቆጠረ፦ ከ10,000 ቤት በሳውዝዋርክና ቮክስሆል 315 ሞት፣ በላምቤዝ 37፣ በቀረው ለንደን 59። ስኖው የተበከለ የሕዝብ ፓምፕ እጀታ ያስነቀለበትን ታሪክ ሁሉም ያወራዋል፤ ክፍል ውስጥ ግን ይህን ሠንጠረዥ ያሳዩ፣ የሚያሳምነው እሱ ነው።

ሦስተኛው ከ1858ቱ የወንዝ ግማት በኋላ የመሐንዲሱ የባዛልጌት ሥራ ነው። 132 ኪሎ ሜትር ያህል ዋና ሰብሳቢ መስመር ከወንዙ ጎን ለጎን ተዘረጋ፤ ፍሳሹ በስበት ይወርዳል፣ ቦታው ዝቅ ሲል በእንፋሎት ፓምፕ ይነሣል፣ ከከተማው በታች የባሕሩ ውሃ ሲሸሽ ይለቀቃል። በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ከ5,000 በላይ ሰው የሞተው በአብዛኛው በምሥራቅ ለንደን ነው፤ መስመሩ ገና ያልተያያዘበት፣ ኩባንያው ያልተጣራ ውሃ የለቀቀበት። ከዚያ ወዲህ ለንደን የኮሌራ ወረርሽኝ አላየችም።

አራተኛው ማጣሪያው። ቀስ ብሎ የሚያጣራ የአሸዋ ገንዳ ማለት አንድ ሜትር ገደማ አሸዋ ነው፤ ውሃው በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው አሸዋው ሳይሆን ላዩ ላይ የሚበቅለው ሙልጭልጭ ያለ ሽፋን ነው፤ ሕያዋኑ ተሕዋስያንን ይበላሉ። ሲዘጋ ከላይ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ይፋቃል። ስሕተቱ እዚህ ይመጣል፦ ተፍቆ ወዲያው ለሕዝብ ከተለቀቀ ሽፋኑ ገና አልበቀለምና ገንዳው አያጣራም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ መደፋት አለበት። ልዩነቱን በጀርመን ያየነው በ1892 ነው። ሐምቡርግ ከኤልቤ ወንዝ ሳታጣራ ታጠጣ ነበር፤ 8,600 ያህል ሰው በኮሌራ ሞተባት። አጠገቧ የነበረችው አልቶና ያንኑ ወንዝ፣ ያውም ከሐምቡርግ ፍሳሽ በታች ቀድታ አጣርታ ስለሰጠች የሞተባት ጥቂት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ከማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ በፈረቃ ሲሰጥ መንገድ ላይ ሊበከል ይችላል። ውሃው ሲቋረጥ ቧንቧው ግፊት ያጣል፤ መስመሩ የተቀደደበት ቦታ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ከጎርፍ ቦይ አጠገብ ከሆነ ፍሳሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ፈረቃው ሲመለስ የመጀመሪያው ውሃ ለማጠቢያ ይሁን፤ ሮቶ የሚሞላው ከጠራ በኋላ ነው። በቧንቧው ጫፍ ላይ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን መቅረት አለበት። በጀሪካን ክሎሪን ሲጨመር ደግሞ 30 ደቂቃ ሳይቆይ አይጠጣም፤ የደፈረሰ ውሃ ክሎሪኑን ስለሚጨርሰው በቅድሚያ ይጠለል።

ሰሜን ሆቴል

ምግብስ? ሐኪሙና የሕዝብ ጤና ተመራማሪው ቶማስ ማኪዎን ሞት ለመቀነሱ ዋናው ምክንያት የምግብ መሻሻል ነው ብሎ ተከራክሯል እኮ።

ሰንጠረዥ

ብሏል፤ ክርክሩን ለተማሪዎቹ ማሳየት ጥሩ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሳይመን ዝሬተር በ1988 የመለሰለት ግን ከባድ ነው፦ ምግብ ብቻውን ቢሆን የደመወዙ ከፍ ማለት ከተሞቹን በ1830ዎቹና 40ዎቹ ባዳነ ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ለውጡ የመጣው ማዘጋጃ ቤቶች ገንዘብ ማውጣት ሲጀምሩ ነው። በርሚንግሃም በ1870ዎቹ አጋማሽ የጋዙንም የውሃውንም ኩባንያ ገዝታ የከተማዋ አደረገች፤ በረጅም ጊዜና በዝቅተኛ ወለድ ብድር። የአሜሪካ ከተሞችን በተመለከተ ንጹሕ ውሃ የሞቱን ቅናሽ ግማሽ ያህል አመጣ የሚል የ2005 ጥናት በየቦታው ይጠቀሳል፤ መረጃውን ደግመው ያሰሉ ሌሎች ውጤቱን እጅግ አሳንሰውታል። «ግማሽ» የሚለውን ቁጥር ሰሌዳ ላይ አይጻፉት።

የቤተሰብ ጥናት

የውልደቱን ጥያቄ ልመልስ። «ሕፃናት መዳን ሲጀምሩ ወላጆች ጥቂት ወለዱ» የሚለው ለእንግሊዝ በልኩ አይሠራም። ውልደት መውረድ የጀመረው በ1870ዎቹ መጨረሻ ነው፤ የሕፃናት ሞት ከመውረዱ 20 ዓመት ያህል ቀድሞ። ቀድሞ የወረደው የትልልቆቹ ልጆች ሞት ነው፤ ዓመቱን የተሻገረ ልጅ ያድጋል የሚል ተስፋ ያኔ መጣ። በዚያው ላይ በ1880 ትምህርት ግዴታ ሆነ፤ ከፋብሪካ ገንዘብ ያመጣ የነበረ ልጅ ወጪ ሆነ። በ1860ዎቹ የተጋቡ ወደ 6 ልጅ ወለዱ፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያ የተጋቡ ከ3 ትንሽ በላይ። ክኒንም መርፌም ሳይኖር፣ በመቆጠብና በጥንቃቄ።

እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ክትባቱ፣ የሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ፣ አጎበሩ ከፋብሪካው ቀድመው ደረሱ፤ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች። ከ1000 ውልደት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000ው (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 166 ነበሩ፤ በ2016ቱ 67። በአንዲት ሴት የሚወለደው ልጅ በዚያው ጊዜ ከ5.5 ወደ 4.6 ብቻ ወረደ፤ የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚ ባለትዳሮች ከመቶ 8 ወደ 36 ቢያድጉም። ሞቱ ሮጠ፣ ውልደቱ ተከተለ።

ሒሳቡን በሰሌዳ ያሠሯቸው። የ1870ዎቹ እንግሊዝ ውልደት 35፣ ሞት 21 ገደማ፤ ልዩነቱ 14 ከሺህ፣ ማለትም 1.4 ከመቶ። 70ን ለ1.4 ሲያካፍሉ 50 ዓመት፤ ሕዝቡ እጥፍ የሚሆንበት ጊዜ እሱ ነው። የኢትዮጵያ ቆጠራ ከ1994 እስከ 2007 ከ53.5 ወደ 73.8 ሚሊዮን፣ በዓመት 2.6 ከመቶ ገደማ፤ 70 ለ2.6፣ 27 ዓመት።

አዲስ አበባን ለብቻዋ ያውጧት። በ2000 በአንዲት ሴት 1.9 ልጅ፣ በ2016 1.8፤ ለመተካት ከሚያስፈልገው 2.1 በታች። ሴቶች ዘግይተው ስለሚያገቡ፣ መከላከያ ስለሚያገኙ፣ ለአዲስ ተጋቢ ቤት ስለሚጠፋ። ከተማዋ ግን ታድጋለች፤ መናኸሪያ በሚወርደው ሰው። የ1840ዎቹ ሊቨርፑልም በመጤ ነበር የምትኖረው፤ እሷ ሰዎቿ ስለሚሞቱባት፣ አዲስ አበባ ጥቂት ስለሚወለድባት። ተማሪዎቹ ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን አስቀምጠው ምክንያቱን ራሳቸው ቢያወጡት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሞላል።

አንድ የሚሳሳቱበት ነገር፦ 4.6 እና 35ን በአንድ ዓምድ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው በአንዲት ሴት ዕድሜ ሙሉ ነው፣ ሁለተኛው በ1000 ሰው በዓመት። አርዕስቱን አስቀድመው ያስጽፏቸው።