ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ የሚበታተነው የሠርግ ዲቪዲ

ጥያቄ፣ ከማራኪ

ጤና ይስጥልኝ። የታላቅ እህቴ ሠርግ በ2001 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ተቀርጾ በአንድ ዲቪዲ ተገልብጦ ተሰጥቶን ነበር። በቤታችን ዴክ ስናጫውተው እስከ ሃምሳ ደቂቃ ያለ እንከን ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይበታተናል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሽማግሌዎች ለምርቃት ሲነሡ ጨርሶ ቀጥ ይላል። ከመራቂዎቹ አንዱ ዛሬ በሕይወት የሌሉት አባታችን ናቸው፤ ድምፃቸው የተቀረጸበት ሌላ ነገር የለንም። ከሱቅ የገዛነው ፊልም በዚሁ ዴክ እስከ መጨረሻው ስለሚጫወት ጥፋቱ የዲስኩ ነው ብዬ ነበር፤ አንድ ባለሙያ ግን ዴኩን ሳይከፍት ሌንሱ መቀየር አለበት አለኝ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ የምለይበትን መንገድ ብትጠቁሙኝ።

ምላሽ፣ ከአራዳ (የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሠራተኛ)

ፊልሙ መጫወቱ ዴክዎን ነጻ አያወጣውም። በፋብሪካ የታተመ ዲስክ መረጃው በፕላስቲኩ ላይ በጥቃቅን ጉድጓዶች የታተመ ነው። የሠርጉ ዲስክ ግን በኮምፒውተር የተጻፈ በመሆኑ ምልክቱ ያረፈው በቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ቀለሙም በፀሐይና በዕድሜ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ የደከመ ሌንስ የታተመውን እያነበበ የተጻፈው ላይ ሊሰናከል ይችላል። ለማነጻጸር የሚያስፈልግዎ በኮምፒውተር የተጻፈና እስከ ጠርዙ የሞላ ሌላ ዲስክ ነው፤ እሱም መጨረሻው ላይ ከተበታተነ ዴኩን ይጠርጥሩ፤ የሠርጉ ዲስክ በጎረቤት ዴክም እዚያው ቦታ ላይ ከቆመ ግን ጥፋቱ የዲስኩ ነው።

ችግሩ ዘግይቶ መምጣቱም ራሱ ምልክት ነው። ዲቪዲ የሚነበበው ከመሃል ተነሥቶ ወደ ጠርዝ ስለሆነ የተጎዳው የውጭኛው ክፍል ይመስለኛል፤ ጣት የሚያርፈውም፣ ዲስኩ ሲጣመም ከቦታው ይበልጥ የሚዛነፈውም ይኸው ክፍል ነው። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አጥበው በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጥረጉት እንጂ ዙሪያውን አይሹት። ዴኩ የጎደለን ጥቂት መረጃ በስሌት የሚተካበት ዘዴ አለው፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ የሄደ ጭረት እያንዳንዱን ዙር በጥቂቱ ብቻ ስለሚነካ ይታለፋል፤ በዙሩ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ግን ተከታታይ መረጃ ስለሚያጠፋ ስሌቱ አይደርስበትም። ብዙ ሰው የሚመክረውን የጥርስ ሳሙና ቅጂ ሳይወጣለት እባክዎ አይሞክሩበት።

ምላሽ፣ ከአዘዞ

እኔ ዴኬን ከፍቼ ከሌንሱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ ጠምዝዤ የጨረሩን ኃይል ጨምሬ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ሁሉንም ዲስክ አነበበ፤ ከዚያ ጨርሶ ሞተ። ይህን ማንም ቢመክርዎ እሺ አይበሉ። ሌንሱ አቧራ ይዞ ከሆነ ዴኩን ከሶኬት ነቅለው በንጹሕ አልኮል በረጠበ ጥጥ ሳይጫኑ መጥረግ ይበቃል። ተከፍቶ ሳለ በኤሌክትሪክ ላይ ከሆነ ሌንሱን አይመልከቱ፤ ጨረሩ ዓይን ይጎዳል።

ምላሽ፣ ከፒያሳ

የአባትዎ ድምፅ ያለበት ከሆነ ከጥገናው በፊት ቅጂው ይቅደም። ዴክ የተበላሸ ቦታ ሲገጥመው ጊዜ የለውም፤ ኮምፒውተር ግን ደጋግሞ ሊያነብ ይችላል። ዲዲሬስኪው የተባለው ነጻ ፕሮግራም በመጀመሪያ ደህናውን ክፍል ይገለብጣል፣ ወደ ተጎዳው የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ የቀረውን መዝግቦ ስለሚይዝም ዲስኩን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስደው ክፍተቱን ማስሞላት ይችላሉ፤ አንዱ ማንበቢያ ያቃተውን ሌላው ሲያነበው በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ባለ አንድ ንጣፉ ዲቪዲ ቢሞላ እንኳ 4.7 ጊጋባይት ስለሆነ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል።

ጠያቂው፣ ከማራኪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲስኩን እንደ ተባለው አጥቤው በቤታችን ዴክ አሥር ደቂቃ ያህል ጨመረ፤ በጎረቤት ዴክም እዚያው ስለቆመ ጥፋቱ የዲስኩ መሆኑን አረጋገጥሁ፤ ሌንሱንም አልቀየርሁም። በአንድ ወዳጄ ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ ሲገለበጥ አድሮ የቀሩት ክፍተቶች በሌላ ኮምፒውተር ተሞሉ። ምስሉ ሁለት ቦታ ላይ አሁንም ይበታተናል፤ ምርቃቱ ግን ከመጀመሪያው እስከ አሜን ድረስ ይሰማል። ፍላሹን ትናንት ለእናቴ አጫወትሁላቸው። ቤት ውስጥ የተቀመጡ የጥምቀት ሁለት ዲስኮችም ስላሉ ሳይደበዝዙ በዚህ ሳምንት አስገለብጣቸዋለሁ።