የግንድ ህዋስ ሜታቦሊዝም፦ ኦክስጅን እያለ ግላይኮሊሲስ ለምን?

ጥያቄ (ከደሴ፣ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ)
ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በግላይኮሊሲስ (ኦክስጅን ሳያስፈልግ ግሉኮስ በከፊል በሚሰበርበት ሂደት) የሚገኘው የተጣራ ትርፍ 2 ኤቲፒ (ህዋስ ለሥራው የሚጠቀምበት የኃይል ሞለኪውል) ብቻ ሲሆን፣ በሚቶኮንድሪያ (የህዋስ ኃይል ማመንጫ ክፍል) ውስጥ እስከ መጨረሻው ቢቃጠል ግን ወደ 30 እንደሚደርስ ተምረናል። ታዲያ የፅንስ ግንድ ህዋስ (ገና ወደ ልዩ ልዩ የህዋስ ዓይነት ሊለወጥ የሚችል ህዋስ) ኦክስጅን ሳያጣ በአብዛኛው በአነስተኛው ትርፍ የሚያድረው ስለ ምንድን ነው? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝም፣ የአየሩ መሳሳት የመቅኔያችንን ግንድ ህዋሶች ይነካ እንደሆነ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (ከኮምቦልቻ)
ህዋሱ የከሰረ የሚመስለው ትርፉ በኤቲፒ ብቻ ሲለካ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈል ህዋስ ግሉኮሱን ሁሉ አቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካደረገው፣ ለዲኤንኤው፣ ለሽፋኑ ስብና ለአሚኖ አሲዱ የሚሆን ካርቦን ያጥረዋል። ሚቶኮንድሪያዎቹም በዚህ ደረጃ ትንንሽና ክብ ናቸው፤ የውስጥ እጥፋቸው ጥቂት ነው። ህዋሱ ወደ ልብ ጡንቻ ሲለወጥ ግን ይረዝማሉ፣ እጥፋቸው ይበዛል፣ የኦክስጅን ፍጆታውም ይጨምራል። የግላይኮሊሲሱን ብርታት በዓይን ማየትም ይቻላል፦ ፌኖል ሬድ (አሲድ ሲጨምር ቀለሙን የሚቀይር ማቅለሚያ) ያለበት ቀይ የማሳደጊያ ፈሳሽ፣ ህዋሶቹ በሚያስወጡት ላክቲክ አሲድ የተነሣ ወደ ቢጫ ይለወጣል።

መልስ (ከደሴ)
የኮምቦልቻው ወንድማችን ያሉት ትክክል ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያስደንቀው ሜታቦሊዝሙ የህዋሱን ዕጣ በመወሰን ረገድ ያለው ድርሻ ነው። ከግሉኮስ የሚገኘው አሴቲል ኮኤ የተባለ ሞለኪውል፣ ዲኤንኤ በተጠመጠመባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ለሚለጠፈው አሴቲል የተባለ የኬሚካል ምልክት ምንጭ ነው፤ ሜቲል የሚባለው ምልክት ደግሞ ሜቲዮኒን ከተባለው አሚኖ አሲድ ይመጣል፣ ከሚያነሡት ኢንዛይሞች ብዙዎቹም አልፋ ኪቶግሉታሬት የተባለውን የሜታቦሊዝም ውጤት ካላገኙ አይሠሩም። የትኛው ጂን እንደሚነበብና የትኛው ዝም እንደሚል በእነዚህ ምልክቶች ስለሚወሰን፣ የህዋሱ ምግብ ሲለወጥ ማንነቱም ሊለወጥ ይችላል። በ2009 እ.ኤ.አ. እንደታተመ ጥናት የአይጥ የፅንስ ግንድ ህዋስ ትሪዮኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሲነፈግ መከፋፈሉን ያቆማል። ይህን ወደ ሰው በቀጥታ ማሻገር ግን አይገባም፤ ትሪዮኒንን የሚሰብረው ኢንዛይም ጂን በሰው ላይ ሥራ ያቆመ ነውና።

ስለ ከፍታው፦ መቅኔ በቆላም ሆነ በደጋ ኦክስጅን የሚያንስበት ቦታ ነው። ኤችአይኤፍ-1 አልፋ የተባለው ፕሮቲን በዚያ ሳይፈርስ ስለሚቆይ፣ የደም ግንድ ህዋሶችን በግላይኮሊሲስ እንዲያድሩና ሳይከፋፈሉ እንዲቆዩ ያግዛቸዋል። ለአየሩ መሳሳት በዋናነት የሚመልሰው ኩላሊት ሲሆን፣ የሚያመነጨው ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን የሚሠራው ከግንድ ህዋሶቹ ይልቅ በዋናነት ቀይ የደም ህዋስ ለመሆን መንገድ በጀመሩት ህዋሶች ላይ ነው።