ነገ ጠዋት የሚገባ የግጥም ትንተና፦ የውጊያን አሰቃቂነት እንዴት ላሳይ?

የማታ ተማሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት በ2 ሰዓት የማስረክበው የግጥም ትንተና አለኝ። ጥያቄው ገጣሚው የውጊያን አሰቃቂነት በምን መንገድ ለአንባቢ እንደሚያደርስ አሳዩ የሚል ነው። መምህራችን ረቂቄን ዛሬ ማታ «ግጥሙ የሚለውን ደግመህ ነገርከኝ እንጂ እንዴት እንደሚለው አላሳየኸኝም» ብለው መለሱልኝ። ወታደሮቹ ደከሙ፣ መርዛማ ጋዝ መጣ፣ አንዱ ሞተ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ይጨመራል? እባካችሁ ፈጠን በሉልኝ።

አንባቢ ከፒያሳ፦
ወንድሜ፣ የግጥሙን ስም ሳናውቅ ብንመልስልህ መልሳችን ከረቂቅህ የባሰ ይሆናል።

የማታ ተማሪ፦
የዊልፍሬድ ኦወን «ዱልቼ ኤት ዴኮሩም ኤስት» ነው እንጂ ጋዝ ያለበት ሌላ የትኛው አለ?

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ ከመሠረቱ እንጀምር። እንግሊዛዊው ወታደርና ገጣሚ ኦወን ይህን ግጥም በ1917 እ.ኤ.አ. በኤድንብራ አጠገብ በነበረው የክሬግሎክሃርት ወታደራዊ ሆስፒታል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳቢያ ለደረሰበት የአእምሮ ሕመም ሲታከም ሳለ ጻፈው፤ ወደ ግንባር ተመልሶም ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ኅዳር 4 ቀን 1918 እ.ኤ.አ.፣ በ25 ዓመቱ ተገደለ። ርእሱ የሮማዊው ባለቅኔ የሆራስ የላቲን አባባል መነሻ ነው፤ ሙሉው አባባል ለአገር መሞት ጣፋጭና የሚገባ ነው ማለት ነው። በአንድ ረቂቁ ላይ ግጥሙን ያነጣጠረው ወጣቶች እንዲዘምቱ በግጥም ትቀሰቅስ በነበረችው በጄሲ ፖፕ ላይ ነበር።

አንባቢ ከፒያሳ፦
የኔታ፣ ልጁ የጠየቀው ለነገ ጠዋት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ እንጠራዎታለን። አንተ ግን ተነጻጻሪ ዘይቤዎቹን፣ «እንደ» እያለ የሚያመሳስልባቸውን፣ ዘርዝርና ተኛ።

ባለ ቀረርቶ፦
እኔ የምቃወመው ጥያቄውን ነው። የጦርነት ግጥም ሥራው ማስፈራራት ነው ያለው ማን ነው? በእኛ ዘንድ ፉከራና ሽለላ የፈሪን ልብ ለማጀገን የሚሰማ ነው። ሲያለቅስ የሚውል ግጥም ይዞ ማን ይዘምታል?

የሌሊት ተረኛ፦
እኔ ነርስ ነኝ፤ ነገር ግን በግጥሙ ውስጥ ጋዝ ያገኘው ሰውዬ «ሰጠመ» የተባለውን እንደ ጌጥ ቆጥራችሁ አትለፉት። ክሎሪንና ፎስጂን የተባሉት ጋዞች ሳንባን ስለሚያቆስሉ ሳንባው በራሱ ፈሳሽ ይሞላና ሰውየው ደረቅ መሬት ላይ ሆኖ ይታፈናል። ስለዚህ በአረንጓዴ ባሕር ሥር እንዳለ ሰው ሲሰጥም አየሁት ሲል ያጋነነው ነገር የለም። ደግሞም ተራኪው ይህን የሚያየው ጉም በያዘው የጋዝ መከላከያ ጭምብሉ መስተዋት በኩል ነው፤ እሱን ያተረፈው መስተዋት ከሚሞተው ሰው ለይቶታል። ኋላም አስከሬን ሊሆን ጥቂት የቀረውን ሰው ጋሪ ላይ ይወረውሩታል፤ ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር ደሙ ከሳንባው እየተንኮረኮረ ይወጣል። ይህን ድምፅ ሰምቼ ስለማውቅ ግጥሙን ሁለተኛ ማንበብ አልፈለግሁም።

ስንኝ ቆጣሪ፦
ከዚህ በተረፈ አወቃቀሩን ተመልከት። ግጥሙ 28 ስንኞች አሉት። መጀመሪያ ላይ ወታደሮቹ ጆንያ እንደተሸከሙ ሽማግሌ ለማኞች ጎብጠው ይሄዳሉ፤ ጫማ የጠፋባቸው ደም ተጫምተው ያነክሳሉ፤ ዐረፍተ ነገሩም በነጠላ ሰረዝ እየተቆራረጠ አብሯቸው ይጎተታል። ከዚያ «ጋዝ!» የሚለው ጩኸት ሁለት ጊዜ ይመጣና ያንን ዝግታ ይሰብረዋል። ሰውየው ከሰጠመ በኋላ ሁለት ስንኞች ለብቻቸው ተነጥለው ቆመዋል። እዚያ ላይ ያለፈው ጊዜ ወደ አሁን ይለወጣል፤ ሕልሙ ገና አላቆመምና። ቤት መምቻውም ያው የመስጠም ቃል ተደግሞ ነው። በአማርኛ ግጥም ቢሆን ቤት መድፋት አቃተው ብለን እንነቅፈው ነበር፤ እዚህ ግን ተራኪው ከዚያች ቅጽበት መውጣት እንዳልቻለ የሚያሳየው ይኸው ነው። አንድ ቃል ያዝ፣ አንባቢው ላይ ምን እንደሚያደርግ ተናገር፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፍ፤ ታሪኩን መተረክህን ግን ሙሉ በሙሉ ሰርዘው።

አዲስ አባል፦
ተነጻጻሪ ዘይቤዎቹን ቢዘረዝርስ?

ስንኝ ቆጣሪ፦
ተብሏል፤ ዝርዝር ብቻውን ትንተና አይሆንም። ይልቅ ባለ ቀረርቶ ባነሡት ተቃውሞ ሳያስቡት የመጨረሻውን አንቀጽ ሰጥተውሃል። ኦወን በመጨረሻው አንጓ «አንተም» እያለ በቀጥታ የሚናገረው ፉከራውን ከሩቅ ሆኖ ለልጆች ለሚያስተምረው ሰው ነው። ከጋሪው ኋላ ብትራመድ፣ ያን ፊት ብታይ፣ ያን ድምፅ ብትሰማ ይህን ውሸት በዚያ ግለት ባልነገርካቸው ይለዋል። የላቲኑም አባባል የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ባለ ቀረርቶ፦
የእኛ አባቶች ግን ከሩቅ አልፎከሩም፤ እዚያው ከሞት ፊት ቆመው ነው።

ጡረተኛ መምህር፦
ጋዙንም ቀምሰውታል እንጂ። በ1935 እና በ1936 እ.ኤ.አ. የጣሊያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ሲያዘንቡባቸው ጀግንነታቸው ቆዳቸውን አላዳነውም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 30 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ ይህንኑ ለዓለም ተናግረዋል። ልጄ፣ ይህን በትንተናህ ውስጥ አታስገባው፤ የተጠየቅኸው ስለ ግጥሙ ነው።

የማታ ተማሪ፦
ደም የተጫሙትን፣ መስተዋቱንና ሁለቱን ስንኞች ይዣለሁ። ኦወን ሰውየው ሲሞት በዓይኑ አይቷል ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል?

ስንኝ ቆጣሪ፦
«ተራኪው አየ» በል። ኦወን በግንባር መዋሉ እውነት ነው፤ ግጥሙ የሚያስረዳህ ግን ስለ ተራኪው ነው፤ መምህርህም ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሡት እዚያ ላይ ነው።